ክላክሱ ያልጮኸበት ቀን

«እኔ አላልኩም፤ ሰው ነው የሚለው» ይሉኛል ጎረቤታችን እትዬ ሸዋጌጥ። «በሩን የምትከፍትላቸው እሷ ናት።»

መጀመሪያ በአጥር በኩል ነገሩኝ። በሳምንቱ ቻርጅ አልይዝ ያለ ስልካቸውን ይዘው ሱቄ ድረስ መጡና እየጠገንኩላቸው ደገሙት። ከዚያ ባጃጅ ውስጥ ተገናኝተን፣ ሹፌሩ እየሰማ፣ ሠለሱት። ሁሌም «እኔ አላልኩም» ብለው ይጀምራሉ፤ ሁሌም «እሷ» ላይ ይጨርሳሉ። ያ «ሰው» የሚሉት ማን እንደሆነ ብጠይቃቸው ወደ ውጭ ማየት ጀመሩ። የኔ ምላስ ደግሞ ነቀምቴ ውስጥ የታወቀ ነው። «እትዬ፣ ያ ሰው ስልኩ ሲበላሽ ወደኔ እንዳይመጣ ንገሩልኝ» አልኳቸው። ሳቁ። እሳቸው ስቀው ሄዱ፤ ወሬው ግን ሱቄ ውስጥ ቀረ።

«እሷ» ያሏት ሩክያ ናት፤ የአባቴ ሚስት። በሩ የሚከፈትላቸው የተባሉት ደግሞ አባቴ ገለታ።

አባቴ የስልክ መስመር ሠራተኛ ነበር። ወደ ምሥራቅ እስከ አኖ፣ ወደ ምዕራብ እስከ ጊምቢ፣ ወደ ቆላው እስከ አንገር ጉቲን እሱ ያልወጣበት የስልክ እንጨት የለም። ሩክያን ያገኛትም ጉቲን ሰፈራ ውስጥ መስመር ሲዘረጋ ነው። በድርቁ ጊዜ ከወሎ በእናቷ ጀርባ ታዝላ የመጣች፣ እዚያው ያደገች፣ አግብታ የፈታች ሴት ነበረች። እናቴ በሞተች በሁለተኛው ዓመት ይዟት ገባ። እኔ አሥር ዓመቴ ነው። እኛ ጴንጤ፣ እሷ ሙስሊም፤ ሰፈሩ ለማውራት ሌላ ምክንያት አላስፈለገውም።

እናቴ ብዬ ጠርቻት አላውቅም። እትዬም አላልኳትም። ሩክያ፣ በቃ። እሷ ግን «አሜንዬ» ትለኛለች፤ ብቆጣም ባልቆጣም «አብሽሪ፣ አሜንዬ»። አሥራ አራት ዓመት ያጠበችልኝን ልብስ ለብሼ፣ ያበሰለችውን በልቼ፣ አንድ ቀን እንኳ በማዕረግ አልጠራኋትም። ይህንን የምጽፈው እንድታዝኑልኝ አይደለም። እንዲህ ስለነበር ነው።

ሰርተፊኬት የለኝም። አሥረኛ ክፍል ላይ አቋርጬ የተበላሸ ሬዲዮ እየፈታሁ፣ ደግሞ እየገጠምኩ፣ ያልገባኝን ስልኬ ላይ ቪዲዮ እያየሁ ነው የተማርኩት። ሰርተፊኬታቸውን ግድግዳ ላይ የሰቀሉት ባለሙያዎች ያቃታቸውን በጀርባ በር ወደኔ ይልካሉ። ሱቄ ውስጥ አንድ ሕግ አለኝ፤ ባለቤቱ የሚያወራውን አልሰማም። «ውኃ አልነካውም» ይላል፤ ስከፍተው ውኃ ይፈስሳል። ስለዚህ ሰው ሲናገር ራሴን እነቀንቅና ቴስተሬን አሳርፋለሁ። ቴስተር አያማም፣ ወገንም የለው።

አባቴ በሙያዬ የሚኮራውን ያህል አንድ ነገሬን ይንቅ ነበር። ሽቦ ስቀጥል ጫፉ እንደ እሾህ ተርፎ ይወጣል፤ እኔም በናስትሮ እሸፍነዋለሁ። እሱ ናስትሮውን በጥፍሩ ልጦ ያይና «ኢንተላ ኮ» ይለኛል፣ ልጄ ማለቱ ነው፤ «ቅጥያሽ ጢም አለው።» የሱ ቅጥያ ጢም የለውም። ሁለቱን ሽቦ ያቆላልፋል፣ አንዱን ጫፍ በሌላው ላይ አምስት ጊዜ አጥብቆ ይጠመጥማል፣ ከዚያ ጫፉን በፒንሳ እንዲህ አድርጎ ያስተኛዋል፤ ዓይንህን ጨፍነህ ጣትህን ብታስኬድበት የት ላይ እንደተቀጠለ አታውቅም። መስመር ከቀጠለ በኋላም ወደ ቤቱ አይመለስም። ወደሚቀጥለው ጣቢያ ይሄድና ከዚያ መልሶ ይደውላል። «ሄሎ፣ ነቀምቴ፣ ይሰማል?» ይሰማል ካልተባለ ሥራው አላለቀም። ልጅ ሆኜ የቤታችን ስልክ ሳሎን ከመሳቢያው በላይ ነበር፤ ሲደወል ሮጬ አነሳና «ይሰማል፣ አባኮ» እላለሁ። ያኔ ነው ወደ ቤት የሚመጣው።

ሕመሙ የጀመረው ከሁለት ዓመት በፊት ነው። መጀመሪያ የሰው ስም ጠፋው፤ ቀጥሎ ቀኑ፤ ቀጥሎ ጡረታ መውጣቱ። ጠዋት ይነሳና የድሮ የእንጨት መውጫ ቀበቶውን ታጥቆ ወደ በሩ ያመራል። «ሰረሪ ጪቴራ» ይላል። መስመሩ ተቆርጧል። የትኛው መስመር ስንለው በእጁ ወደ በሩ ያሳያል፤ እኛም ወደ ውጭ ነው ብለን እንተወዋለን። አንድ ጊዜ ባጃጅ መቆሚያው አጠገብ ካለው እንጨት ሥር አገኘነው። አንድ ጊዜ ሆስፒታሉ ደጃፍ። ሦስተኛው ላይ ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ ከከተማው ወጥቶ ነበር፤ አንድ የሚያውቀው ሹፌር መለሰልን። በጠፋ ቁጥር እትዬ ሸዋጌጥ አጥሩ ላይ ናቸው። እኔ አላልኩም፤ ሰው ነው የሚለው።

ሩክያ በበኩሏ የምትችለውን ታደርግ ነበር። ሽንኩርት ስትልጥ ደጃፉ ላይ ቁጭ ብላ፣ ልብስ ስትሰፋ ደጃፉ ላይ ቁጭ ብላ። ቀን ሲያሸልበው የጋቢውን ጫፍ ከእጅ አንጓዋ ጋር ታስራለች፤ ሲነሳ ይስባታል። አንጓዋ ላይ ጋቢው የሠራው ቀይ መስመር ነበር። አይቼዋለሁ። አይቼው «ይኼ የኋላ ቀር ዘዴ ነው» አልኳት።

አንድ እሑድ ከሰዓት የበር ማስጠንቀቂያ ሠራሁ። ከተጣለ ስታቢላይዘር ውስጥ ሪሌ አወጣሁ፤ ሪሌ ማለት ኤሌክትሪክ ሲደርሳት ይዛ የምትቆይ፣ ሲቋረጥባት የምትለቅ ትንሽ ዕቃ ናት። ከባጃጅ ጋራዥ ያረጀ ባትሪና ክላክስ አገኘሁ። ሽቦውን ከአባቴ የድሮ ጥቅል የስልክ መዳብ ቆረጥኩ። ከቲማቲም ድልህ ጣሳ ሁለት ምላስ ቆርቆሮ ቀድጄ በማጠፊያው በኩል አንዱን በሩ ራስ ላይ፣ ሌላውን መቃኑ ላይ መታሁ፤ የሁለቱም ሽቦ በመቃኑ በኩል ያልፋል። በሩ ሲዘጋ ሁለቱ ይነካካሉ፤ መስመሩ ሙሉ ነው፤ ሪሌዋ ይዛ ዝም ትላለች። በሩ ሲከፈት ይለያያሉ፤ መስመሩ ይቋረጣል፤ ሪሌዋ ትለቃለች፤ ክላክሱ ይጮሃል። ብልጠቱ እዚህ ላይ ነው፤ ሽቦውን ቆርጬ ዝም ላሰኘው የሚል ሰው ቢኖር በመቁረጡ ያስጮኸዋል። ሁሉን ነገር በበሩ መጋረጃ ሸፈንኩት። ማጥፊያውን ጓዳ ውስጥ ከመደርደሪያው ጀርባ አደረግሁ። ቦታውን የምናውቀው እኔና ሩክያ ብቻ ነን። በዋናው በር ስንወጣ እናጠፋለን፣ ስንገባ እናበራለን። የጓሮው በር ችግር የለውም፤ ጓሮው ዙሪያውን ታጥሯል፣ መውጫ የለውም።

ለአባቴ ብዬ ነው የሠራሁት። ለአባቴ ብቻ ብዬ ግን አይደለም። ያ ሱቄ ውስጥ የቀረ ወሬ ነበር። ክላክሱ ሳይጮህ አባቴ ከወጣ ማጥፊያውን የነካ ሰው አለ ማለት ነው፤ ያ ሰው ደግሞ እኔ አይደለሁም። ይህንን ለማንም አልተናገርኩም።

መጀመሪያ ስሞክረው ሩክያ ጆሮዋን ይዛ ሳቀች። «ኧረ አንቺ ልጅ! ይኼ እንኳን ሰው፣ ጅንም ያስበረግጋል።» አባቴ ከወንበሩ ተነሳ፤ ፊቱ በራ። «ጊምቢ ነው» አለኝ፤ «አንሺው እንጂ።»

የማነሳው ስልክ አልነበረኝም። የጋቢውን ጫፍ ግን ከሩክያ እጅ ፈታሁት። ከዛሬ ጀምሮ ደጃፍ ላይ መዋል ቀረልሽ፤ ክላክሱ ይጠብቅልሻል፤ የኔ ሥራ አይተኛም አልኳት። አንጓዋን እያሸች «የሠራሽው አንቺ ከሆንሽማ እተኛለሁ» አለች።

በመጀመሪያው ሳምንት ሁለት ጊዜ ጮኸ። ሁለቱንም ጊዜ አባቴን ደጃፉ ላይ ያዘችው። ሰፈሩ ሁሉ ሰምቶ፣ እትዬ ሸዋጌጥ ሳይቀሩ «ጎበዝ ነሽ» አሉኝ፤ እኔም ሰው እንደሚለው ነው ብዬ መለስኩላቸው።

በሁለተኛው ሳምንት ሁለት ነገር ሆነ፤ ሁለቱንም ያኔ ከቁም ነገር አልቆጠርኳቸውም። አንደኛ፣ ፒንሳዬ ጠፋች። ሱቅ ውስጥ ደንበኛ ወሰዳት ብዬ ስሳደብ ዋልኩ። ሁለተኛ፣ አባቴ ረጋ። ረቡዕ ማታ «መስመሩ ተቆርጧል» አላለም። እራቱን ጥርግ አድርጎ በላ፣ እጁን ጭኑ ላይ አሳርፎ ሥራውን እንደጨረሰ ሰው ተቀመጠ። ሐኪም ያዘዘለት መድኃኒት ሠራ አልን። ሩክያ ደስ ብሏት ጓዳ ገብታ ስታለቅስ ሰማኋት።

ሐሙስ፣ የገበያ ቀን፣ ሱቄ በሰው እንደተሞላ ስልክ ደወለች። «አሜንዬ፣ አባትሽ የለም።» ጓሮ ልብስ እያጠበች ነበር። ክላክሱን ስላልሰማች ሳሎን ተቀምጧል ብላ ነው። ልታሰጣ ስትነሳ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል።

ባጃጅ መቆሚያውን፣ ሆስፒታሉን፣ መናኸሪያውን አሰስን። ወደ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ከአኖ ተደወለ። ሚኒባስ ተሳፍሮ ነው የሄደው። ቀበቶ የታጠቀ ሽማግሌ ነው፣ ንጹሕ ነው፣ ማን ይጠረጥረዋል። አኖ ወረደ። መንገዱ ዳር ሽቦው ከተነሳ ዓመታት የሆነው አንድ የቆመ እንጨት ነበር፤ ቀበቶውን አዙሮ ወጣበት። ከሥሩ በቆሎ የምትጠብስ ሴት «አባባ፣ ውረዱ» ብላው ነበር። እሱ ግን የሁለት ሰው ቁመት ያህል ወጥቶ፣ አንድ እጁን ወደ ጆሮው አድርጎ፣ «ሄሎ፣ ነቀምቴ፣ ይሰማል?» እያለ ይጣራ ነበር አለችኝ። ሦስት ጊዜ። ከዚያ ወደቀ።

ፖሊሶቹ ዕቃውን ሰጡኝ። ቀበቶው፤ የጡረታ መታወቂያው፤ ኪሱ ውስጥ የኔ ፒንሳ።

ቤት እንደገባሁ ከማልቀሴ በፊት ያደረግሁት አንድ ነገር ነው። ጓዳ ገባሁ፤ መደርደሪያውን ሳብ አደረግሁ። ማጥፊያው ወደ ታች ነው። ጠፍቷል።

ያ በቃኝ። እኔ፣ የማንንም ቃል ያለ ቴስተር የማላምነው፣ የእትዬ ሸዋጌጥን ቃል በአንድ የወረደ ማጥፊያ አመንኩ።

በሦስተኛው ቀን ድንኳኑ ሙሉ ነበር። ከጊምቢ ሳይቀር የድሮ መስመረኞች መጥተዋል። ሩክያ ጥጉ ላይ ተቀምጣለች፤ ሴቶቹ በዙሪያዋ ክፍት ቦታ ትተዋል፤ ወሬ የሚተወውን ዓይነት ክፍት ቦታ። ተነሳሁ። ሰው የአባቴን ሥራ ላወድስ የተነሳሁ መስሎት ዝም አለ።

«እዚህ ካለቀሱት መሃል» አልኩ፣ «ክላክሱን አጥፍታ በሩን የከፈተችለት አንዲት ሴት አለች። አሥራ አራት ዓመት ያበላናት።»

ያበላናት አልኩ። ያበላችን እሷ።

ሩክያ አልተነሳችም። ድምጿንም ከፍ አላደረገችም። «ያጠፋሁት ልፈልገው ስሮጥ ነው፤ ልማድ ሆኖብኝ» አለች። «በሩ ሲከፈት ግን በርቶ ነበር፤ ወላሂ በርቶ ነበር። እኔን ተይኝ አሜንዬ፤ ዕቃሽን ፈትሺው።»

«የኔ ዕቃ አይዋሽም» አልኳት።

ሌላ ቃል አልተነጋገርንም። በማግስቱ አንድ ፌስታል ልብስ ይዛ በጉቲን መኪና ሄደች። ሲወጡ ክላክሱ ይጠፋ የለ፤ ደግሞ ነካችው እንዳልላት ብላ መሰለኝ ከመደርደሪያው ሳትደርስ፣ ፊት ለፊት፣ በዋናው በር ወጣች። ያን ቀን ከማንም ዓይን እንዳይገጥመኝ አንገቴን ደፍቼ ተቀመጥኩ፤ ማጥፊያው ከሐሙስ ጀምሮ እንደጠፋ ነው። ባትሪውን በማታ ነቀልኩት። እትዬ ሸዋጌጥ መጥተው አቀፉኝና «እኔ አላልኩም ነበር?» አሉኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ ወሬውን የራሳቸው አደረጉት።

ክረምቱ እንዲህ አለፈ። ብቻዬን በልቼ ብቻዬን ተኛሁ። አንዳንድ ቀን ልብሴን ሳጥብ እጄ ቆም ይላል፤ እሷ እንዴት አድርጋ ነበር አንገትጌውን የምታስለቅቀው ብዬ። ልደውልላት ስልኬን አንስቼ አስቀምጬዋለሁ። አንዴ አይደለም። እሷ ትጀምር እላለሁ፤ ያጠፋችው እሷ ናት።

በመስከረም መጨረሻ የማላውቀው ቁጥር ደወለ። ወንድሟ አበጋዝ ነበር። ወባ ነው አለኝ። ሦስት ቀን ታማ፣ ዓርብ ዕለት አረፈች፤ እዚያው ቀበርናት። ለቅሶው ገና አልተነሳም፣ እንድታውቂው ብዬ ነው አለ። ድምፁ ውስጥ ቁጣ ብፈልግ አጣሁ። ነፍስ ይማር ብዬ ዘጋሁ፤ የያዝኩትን ስልክ መጠገን ቀጠልኩ። ከነቀምቴ ጉቲን በየቀኑ መኪና አለ። አልሄድኩም። ምን ብዬ እገባለሁ? ማን ነኝ ብዬ እቀመጣለሁ? በሕይወት እያለች ያላልኳትን «እናቴ» ሬሳዋ በሌለበት ልላት ነው?

ትናንት ነው። አንድ ባለባጃጅ ክላክስ ፈልጎ መጣና የቤታችን ትዝ አለኝ። ለማንም ስለማይጮህ ለምን ተሰቅሎ ይቀራል ብዬ። የተበላሸ ዕቃ ግን አልሰጥም፤ መሞከር አለበት። ባትሪውን ቻርጅ አድርጌ መለስኩ። በሩን ዘጋሁ። ማጥፊያውን አበራሁ። ከዚያ በሩን ወለል አድርጌ ከፈትኩት።

ዝም።

ባትሪውን ለካሁ፤ ሙሉ ነው። ክላክሱን ቀጥታ ከባትሪው ጋር ነካሁት፤ ጮኸ። ሪሌዋን ነካሁ፤ ይዛለች፣ አልለቀቀችም። በሩ ተከፍቶ፣ ቆርቆሮዎቹ በመሃላቸው አየር እያለ፣ ሪሌዋ ይዛለች። ባትሪውን ነቅዬ ቴስተሬን ድምፅ ላይ አደረግሁና ሁለቱን መዳሰሻዎች በመስመሩ ሁለት ጫፍ ላይ አሳረፍኩ።

ቴስተሩ ጮኸ። መስመሩ ሙሉ ነው አለኝ።

ወንበር ላይ ወጥቼ መጋረጃውን ገለጥኩት። በሩ ክፍት ሲሆን እዚያ የሚታየው ሁለት የተለያዩ ጫፎች ነው፤ የተቆረጠ መስመር። ክላክሱ ከተሰቀለ ወዲህ አባቴ በእጁ ሲያሳየን የነበረው እሱን ነው። ከቆርቆሮዎቹ ጀርባ፣ ሽቦዎቹ መቃኑ ላይ ጎን ለጎን በሚያልፉበት፣ ከአንዱ ወደ ሌላው፣ የጣት ርዝመት ያለው የስልክ መዳብ ተዘርግቷል። በዚህ ጫፍ አምስት ጥምጥም፣ በዚያ ጫፍ አምስት ጥምጥም። የቀጠለው ረቡዕ ሳይሆን አይቀርም፤ እትዬ ሸዋጌጥ ለጨዋታ መጥተው፣ ክላክሱ ጠፍቶ በሩ ተከፍቶ የዋለበት ቀን። በማግስቱ ፒንሳዬን ኪሱ ከትቶ፣ መድረሱን ለማጣራት ወደሚቀጥለው ጣቢያ ሄደ።

ዓይኔን ጨፍኜ ጣቴን በቅጥያው ላይ አስኬድኩት። ጢም የለውም።